አባትሽ ብርድ አይወድም ነበር

ልጄ ሶስና፣ ወላዲተ አምላክ ባለሽበት ትጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የሰንጋ ተራው መንገድ ዳግም ተቆፍሯል፤ ልደታ ማርያም የምደርሰው ዞሬ ነው።

የላክሽውን ፎርም ታናሽሽ ኤፊ አነበበችልኝ። አንቺ በገባሽበት በሞርሞኖች ሃይማኖት ለሞተ ሰው ዘመዱ በስሙ ይጠመቅለታል አለችኝ። የአባትሽን የልደት ቀን የጠየቅሽኝ ለካ ለዚህ ነው! በንዴት ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። አባትሽ ሀብተሥላሴ እኮ በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ሰው ነው! የንስሐ አባታችን እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን የእኛ ብቻ ናት ይላሉ፤ አንቺም የእኛ ብቻ ናት ትያለሽ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ልጄን ልጣ?

በኋላ ግን አፈርኩ። እኔም ሳላማክርሽ በየእሑዱ የክርስትና ስምሽን ለቄሱ እየሰጠሁ "ትመለስልኝ፣ ጸልዩላት" እላለሁ። አንቺን ምን ብዬ ልቆጣ?

የአባትሽ ሙት ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ያን ቀን ደውዪልኝ። እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ያገናኝሽ። ፎርሙ ላይ የሌለውን የክርስትና ስሙን ልንገርሽ፤ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። በጸሎትሽ ጥሪው። ውሃው ግን ይቅርበት የኔ ልጅ፤ ብርድ አይወድም ነበር።

እናትሽ ቦሰና