የእትዬ ጽጌ ድምፅ የት ገባ

ሰኞ
እትዬ ጽጌ ሱቄ ድረስ መጥተው «መዝሙሬን ለወጣቶቹ ዘማሪ ልጆች ስጪው፤ የእኔ ድምፅ አልቋል» አሉኝ። የተቀረፀውን ሰምተው ነው። የመዘምራኑን ሲዲ የማሠራው እኔ ነኝ፤ ስለ ሙዚቃ ግን ከምሸጠው ቅመምና ጨርቅ ያነሰ አውቃለሁ። ሲዲው ዓርብ ወደ ማተሚያ ይሄዳል። «እስከዚያ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ያለ ማይክ ከቸርቹ መድረክ እስከ በሩ የሚሰማ ድምፅ በሳምንት አያልቅም።

ማክሰኞ
ዮናስን ኮል አደረግኩት። ቀን ቀን የነዳጅ ዘይት ኩባንያ ቢሮ ይሠራል፤ በትርፍ ሰዓቱ ሬድስቶን ሰፈር፣ ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ መዝሙር ይቀርፃል። ኪቦርዱንም የተጫወተው እሱ ነው።
«ሚክሱ ኦኬ ነው» አለ። «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ስሚ። መጀመሪያ ድራሙን፣ ከዚያ ቤዙን።»
በርበሬም እንደዚያው ነው። ቀለሙን ለብቻ፣ ሽታውን ለብቻ።

ረቡዕ
ሠራተኛ የለኝም፤ ሁሉም ነዳጅ ኩባንያዎቹ ጋ ሄዷል። በደንበኛና በደንበኛ መሃል ሰማሁ። ድራሙ ደህና። ቤዙ ደህና። ኪቦርዱን ብቻ ስከተል ነገሩ ገባኝ። እትዬ ጽጌ ሲወጡ ይወጣል፣ ሲወርዱ ይወርዳል። ልማዳችን ነው፤ ዘማሪው እንዳይስት ኪቦርዱ ዜማውን አብሮ ይይዝለታል። ለእሑድ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ሸፍኗቸዋል። ኪቦርድ ደግሞ ትንፋሽ አያጥረውም።

ሐሙስ
ሬድስቶን ሄድኩ።
«እሳቸው ሲዘምሩ ኪቦርዱን አጥፋው።»
«ኖ ዌይ። ባዶ ይሆናል። ላይክ፣ ሲዲው የተበላሸ ይመስላቸዋል።»
«አንድ ስንኝ ብቻ።»
አጠፋው። ድምፃቸው ሻከር ያለ ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም። ግን ቃሉ ሁሉ ተሰማ፤ ትንፋሻቸውም። ዮናስ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ ሳበ። ቅር እንዳለው አይቻለሁ፤ ያስጠፋሁት የገዛ እጁን ሥራ ነው።
«እሳቸው ሲተነፍሱ አንተ በኪቦርዱ መልስላቸው» አልኩት።
«ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው» አለና ሳቀ። ሠራው።

ዓርብ
ሱቁ ፊት ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ለእትዬ ጽጌ አሰማኋቸው። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።
«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቸኩያለሁ። ይታወቃል?»
«ይታወቃል» አልኩ። መሸንገል አልፈለግኩም።
«እንግዲያው ያን ልጅ ዮናስን ጥሪልኝ፤ ልድገመው።»
ማተሚያው ጋ ደውዬ ቀኑን አስገፋሁ። ከዚያ «ልጆቹስ?» አልኳቸው።
«እኔ ስዘምር አዝማቹን ይቀበሉኛ» አሉ፣ የመኪናውን ቀበቶ እየፈቱ።