የጎደሉት ሃያ አራት ገጾች

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
እናትሽ ካረፈች ሁለት ወር ከአምስት ቀን

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው ጎረቤታችን መርፌ ወጊዋ ናት። ጡረታ ከወጣች ስንት ዓመቷ፣ ሰፈሩ ግን አሁንም መርፌ ወጊዋ ነው የሚላት። እናትሽን እስከ መጨረሻው በየጠዋቱ እየመጣች የወጋቻት እሷ ናት። እጇ ጥሩ ነው ይላሉ፤ የመርፌውን አውቃለሁ፣ የብዕሩን አላውቅም። ቃሉ የኔ ነው። ከአፌ ያልወጣ ነገር እንዳትጨምር ነግሬያታለሁ። «እኔን ምን ጨነቀኝ ጋሼ፣ ያሉኝን እጽፋለሁ» ብላለች።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ታውቂኛለሽ፣ የሰው በር የማንኳኳ ሰው አይደለሁም። ከፍታ ስታየኝ ደንግጣ «ምን ሆኑ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ወረቀትና ብዕር ይዘሽ ነይ አልኳት።

እንዴት ነሽ? ያ ሹፌርስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል፣ ጣቶቼ ግን ገና መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። ሱቁን አልዘጋሁም። ባለፈው ሳምንት የአንድ ትምህርት ቤት መዝገቦች ጠርዤ አስረክቤያለሁ። ቤቱ ዝም ብሏል። የእናትሽን ወንበር ከመስኮቱ ሥር አላነሳሁትም፤ ለማንሳት ከባድ ሆኖ አይደለም።

የምጽፍልሽ ለመታረቅ አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት ከዚያ ሹፌር ጋር ስትሄጂ የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ፣ አንቺም የመለስሽልኝን መልሰሻል። የምጽፍልሽ ስለዋሸሁሽ ነው። እናትሽ በተቀበረች ሳምንት በአክስትሽ ስልክ «እማዬ የላክሁላትን መጽሐፍ ጨርሳው ነበር ወይ?» ብለሽ አስጠየቅሽኝ። ጨርሳዋለች በያት አልኩ። ውሸት ነው። አልጨረሰችውም። ያላስጨረስኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ መርፌ ወጊዋ «ይቅርታ አድርጊልኝ ልበል?» አለችኝ። አላልኩም አልኳት። «ጽፌዋለሁ እኮ» አለች። ሰርዢው አልኳት። ሰረዝኩት አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እናትሽ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ ይዛ ሱቅ ትመጣ ነበር። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ እግሯን የወረቀት ክምር ላይ ሰቅላ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። እነዚያን መንፈሳዊ የፍቅር ልቦለዶች ነው፣ ልብ አንጠልጣይ የሚሏቸውን፣ ገዳይ ያለባቸውን። ከቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት ነው የተዋስኩት ትለኝ ነበር። አርባ ዓመት መጽሐፍ ጠርዤ ማኅተም የሌለው የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አይቼ አላውቅም። አንቺ እንደምትልኪያቸው ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ዝም አልኩ። ብናገር ማንበቧን ታቆማለች።

ሲነበብ ሳቅሁበት እንጂ አልናቅሁትም። ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ማየት ያልነበረባትን ነገር ታያለች። ሰው ያሳድዳታል። አንድ ረጅም ሰው ይጠብቃታል። ይህ ረጅም ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፏል፤ መጽሐፉ ሲያልቅ ከእሷም ከእግዚአብሔርም ጋር አንድ ላይ ይስማማል። ገዳዩ በር ላይ ቆሞ እጀታውን ሲነቀንቅ እነሱ ውስጥ ሆነው ይጸልያሉ። «እናንተ ሰዎች፣ ጸሎቱን ትታችሁ ቁም ሣጥኑን በሩ ላይ ግፉት» እላለሁ። እናትሽ «አንተን ብሎ ጠባቂ» ትለኛለች። ገዳዩን እኔ በሦስተኛው ቀን አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ ያ ለሁሉ ሰው ደግ የሆነው ነው። ስነግራት ነጠላ ጫማዋን ትወረውርብኛለች። እንዲህ ነበርን።

ከዚያ በሽታው መጣ። ሐኪሙ ያለውን አክስትሽ ነግራሻለች፣ አልደግመውም። እናትሽ ከሐኪሙ ስትመለስ የመጨረሻውን የላክሽላትን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ «ይቺን ልጨርስ፣ ከዚያ ይውሰደኝ» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እናትሽ ግን በቀልድም ቢሆን ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እኔን አገባዋለሁ ያለችውም በቀልድ ነበር።

መጽሐፉ በሙጫ ብቻ የተጣበቀ የዛሬ ጊዜ ሥራ ነው፣ ክር የሚባል የለውም። ትራስ ላይ ተኝታ ስታነብ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጀርባው ተሰንጥቆ ገጹ ተበተነ። «በል ጥረዝልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ሱቅ ወሰድኩት። ፊደል አላውቅም፣ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ገጾቹን በቁጥራቸው ደረደርኩ፣ ጎናቸውን በወስፌ በሳሁ። ከዚያ መርፌውን ይዤ ቆምኩ። ልጄ፣ እጄ በራሱ ነው የተነሳው። ከመጨረሻው ሃያ አራት ገጽ ቆጥሬ አነሳሁ። ሌላውን ሰፋሁት፣ አጣበቅሁት፣ እንዲጠፈጠፍ በመጫኛው ብረት መሃል አስገባሁት። ሃያ አራቱን በወረቀት ጠቅልዬ የካርቶን መደርደሪያው ኋላ ሸጎጥኩ። ካልጨረሰች አትሄድም አልኩ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ያሰበው ይህን ነው።

ስመልስላት ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ወደ ኋላ ገለጥ አድርጋ አየችና ዘጋችው። «ሳሳ» አለች። በደንብ ስለተጫነ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

በአምስት ስድስት ቀን መጨረሻው ጋ ትደርሳለች፣ ከዚያ የቀረው የት ሄደ ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም። አምስተኛው ቀን አለፈ፣ አሥረኛው አለፈ፣ ታነባለች። እኔ እሷ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ታሪኩ አያልቅም። እንደዚያች መበለት የዘይት ማሰሮ ሆነ። ጎንበስ ብዬ የገጹን ቁጥር ባይ አውቅ ነበር። አላየሁም። ቁጥሩን ፈራሁት።

ታሪኩም አካሄዱን ለወጠ። ልጅቷና ጠባቂው ተጋቡ፣ ገዳዩ ተያዘ፤ እኔ አለቀ ብዬ ስፈራ በማግሥቱ የልጅቷ አባት መጣ። ባሕር ዳርቻ ላይ ጀልባ የሚጠግን ሽማግሌ። ከልጁ ጋር ሳይነጋገር ዓመታት አልፈውታል።

«አባቷ ሞቷል ብለሽ አንብበሽልኝ አልነበር?» አልኳት።

«የሞተ መስሏቸው ነው። ልብ አንጠልጣይ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«ይሄ ሽማግሌ ማንን ገደለ? ለምን መጣ?»

«ማንንም አልገደለም። ዝም ብለህ ስማ።»

ሰማሁ። ሽማግሌው ግትር ነው። ጀልባ የሚጠግንበትን ሙጫ እንዴት እንደሚያፈላ ሳይቀር ተጽፏል። ልጁ የሄደች ቀን ያደረገችውን ቀሚስ ቀለም ያስታውሳል፣ ስሟን ግን አይጠራም። «ይሄ ሰውዬ እኔን ይመስላል» ብላት «በዓለም ላይ ስንት ደረቅ ሽማግሌ አለ መሰለህ» አለችኝ። ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። በቀን ሦስት ገጽ፣ ኋላ አንድ ገጽ፣ ኋላ ጥቂት መስመር። አምስት ሳምንት ሙሉ።

ሰኞ ዕለት እንዲህ ብላ አነበበችልኝ፦ «ሽማግሌው መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። ተነስቶ ሄደና የጎረቤቱን በር አንኳኳ።» እዚያ ላይ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ከደነችው።

«ለምንድን ነው የሚያንኳኳው?» አልኳት።

«ነገ ታውቃለህ» አለችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት መርፌ ወጊዋ መጥታ መርፌውን ሳትወጋ ተመለሰች።

እንግዲህ የዋሸሁሽ ይህ ነው። መጨረሻውን ሳታውቅ ሄደች፣ መጨረሻውን የደበቅኩት እኔ። ሁለት ወር ሙሉ ያ ጥቅል ከካርቶኑ ኋላ ሆኖ እያየኝ ነው። ዛሬ አወጣሁት። ያሰብኩት ይህቺ ሴት ሃያ አራቱን ገጽ እንድትገለብጥልሽ ነው። እናትሽ ያላየችውን አንቺ እይው። እኔም ሽማግሌው ለምን በር እንዳንኳኳ እሰማለሁ።

ቆይ፣ ጥቅሉን ፈትታ እያየች ነው።

ምን ሆነሽ ነው አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ያለችውን እሷው እንድትጽፈው አዝዣታለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ታሪክ አይደለም» አለችኝ። «ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች ነው የሚለው። አንድ፣ ልጅቷ ጠባቂዋን ማመን የጀመረችው መቼ ነው? ሁለት፣ እናንተስ ይቅር ለማለት የከበዳችሁ ሰው አለ?»

ከራስሽ እንዳትጨምሪ ብዬሻለሁ አልኳት። «ኧረ ተጽፏል፣ ቢፈልጉ ቄሱን ጠርተው ያስነብቡ» አለችኝ። ከጥያቄው በኋላ የደራሲዋ ሌሎች መጻሕፍት ስም ዝርዝር ነው። የቀረው የሌላ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፣ ገዢ ለመሳብ የሚያስገቡት። ቁጥሩ ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል። እኔ በቁጥሩ ነው የሄድኩት።

የሰፋሁትን መጽሐፍ ከእናትሽ ወንበር ላይ አምጥቼ ሰጠኋት። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ልጅቷና ጠባቂው ተጋብተው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ ከሥሩ «ተፈጸመ» ይላል አለችኝ። ምንም አልጎደለውም።

«ሽማግሌውስ?» አልኳት።

«የቱ ሽማግሌ?»

«ጀልባ የሚጠግነው ነዋ።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላበጠችው። ሁለተኛ እንድታገላብጠው አደረግኋት። ያፈላሁላት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፈለገች። «ጋሼ፣ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሽማግሌ የለም። የልጅቷ አባት በሁለተኛው ምዕራፍ ሞቷል፣ በቃ ሞቷል። ባሕርም የለም።»

መጽሐፉን ተቀብዬ ጀርባውን ዳበስኩት። እሷም ብዕሩን ይዛ ጠብቃኛለች።

እናትሽ ያን መጽሐፍ ጨርሳዋለች። ስለዚህ አልዋሸሁሽም፤ ዋሽቼ እውነት ሆኖ ነው የተገኘው። ከጨረሰችው በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ገጽ እየገለጠች ያነበበችልኝ ነገር የትም አልተጻፈም። ሳሳ ስትለኝ አውቃለች። ምን እንደወሰድኩ፣ ለምን እንደወሰድኩ አውቃለች፤ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ትንፋሽ እያጠራት፣ ውሃ መዋጥ እያቃታት፣ እኔ ደግሞ «ይሄ ምዕራፍ ረዘመ» እላታለሁ።

አሁን ፀሐዩ ከወንበሩ ላይ ወርዷል። በዚህ ሰዓት ነበር እናትሽ ማንበብ የምታቆመው።

መጽሐፉን በፖስታ አልልክልሽም፤ መንገድ ላይ ያጎሳቁሉታል። እዚህ አለ። የምትፈልጊው ከሆነ መጥተሽ ውሰጂው። ሹፌሩም ይምጣ፣ መንዳት ሥራው አይደል። ሃያ አራቱን ገጽ ዛሬውኑ ቦታው መልሼ እሰፋቸዋለሁ፤ ጥያቄም ቢሆን የመጽሐፉ ነው። ከኋላው ጥቂት ባዶ ወረቀት እጨምርበታለሁ። ሽማግሌውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከነሙጫው፣ ከነቀሚሱ ቀለም አስታውሰዋለሁ፤ እኔ ስናገር ብትጽፊው ባዶው ወረቀት ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለኝም፣ ይህን የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም።

ቅድም የሰረዝናት ቃል ነበረች። መርፌ ወጊዋ ሰርዤዋለሁ ብላለች። እኔ ማንበብ አልችልም፣ አላውቅም። ካለች ትኑር።

እግዚአብሔር ካለሽበት ይጠብቅሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ያንንም ሰው በየአውራ ጎዳናው ይጠብቀው፤ እንደ መጽሐፉ ሰው ረጅም ባይሆንም አንቺን እስከ ዛሬ ጠብቆሻል።

አባትሽ፣ ጠራዡ። ከሥሩ ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ሙጫ ስላለበት ትንሽ ያጣብቃል።

በይ አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ምንም ሳትጨምሪ፣ የተጻፈውን ብቻ።