ነፋሱ ፈቃድ አይጠይቅም

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ግጥሙን ከክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው አንስቶታል። አራቱ ጥግ ላይ ፕላስተሩ ቀርቷል፤ ወረቀቱ የለም። ልጆቹን ጠየቅኋቸው። «አናውቅም ቲቸር» አሉኝ፤ ዓይኔን ግን ማንም አላየኝም።

ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ነፋስ ፕላስተር አይልጥም።

ባለፈው ሐሙስ ነው ነገሩ የተጀመረው። መብራት ጠፋና ፕላዝማው ጨለመ። ቢበራም ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን ሲያንበለብለው ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር አይዙም። እኔም የአሥረኛ ክፍል ልጆቼን ሰብስቤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው አፋፍ ወጣሁ። ክረምት ኮርስ ላይ አንድ አስተማሪያችን እኛን እንደሚያደርገን አደረግኋቸው። ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ዝም ብላችሁ ስሙ። ከዚያ የሰማችሁትን በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፉ።

«ስህተት የሚባል የለም» አልኳቸው። ምነው ባላልኩ።

አንዱ የአጫጆቹን ዘፈን ጻፈ። አንዷ በግ ሲያስል ሰማሁ ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። የሻረግ ግን፣ ከመስከረም ጀምሮ በእንግሊዝኛ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቀው የሻረግ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ነፋሱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከቀበሌ ፈቃድ አይጠይቅም። ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም! ልዘል ምንም አልቀረኝም። የሁሉንም መስመር አገጣጥሜ አንድ ግጥም አደረግሁትና በትልቅ ወረቀት ጽፌ ለጠፍኩት።

በገዛ እጄ። በደማቅ ማርከር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ዛሬ ጾም ገባ። ለነገሩ ባይገባም እህል በአፌ አይዞርም ነበር።

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። «በሩን ዝጊው» አሉኝ። ከመሳቢያቸው ወረቀቱን አወጡ። አራት ቦታ ታጥፏል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«የእጅ ጽሑፉን አልጠየቅሁሽም። ይቺን መስመር።»

«ክፍሉ በሙሉ ነው የጻፈው።»

«ዘንድሮ ምርጫ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ነገ ከወረዳ ሰው ይመጣል። አንድ ስም ነው የሚፈልጉት። እኔም የልጆች አባት ነኝ፤ እባክሽ አታስቸግሪኝ።»

ወረቀቱን መልሰው አጥፈው መሳቢያውን ቆለፉና በሩን አዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የእሳቸው ፍርሃት ነው ያስፈራኝ።

ቤት ስገባ ለሰብለ ነገርኳት። ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ቤቱን አብረን ነው የተከራየነው። «አሁን ቀበሌ በግጥም ጣልቃ ይገባል?» ብላ ሳቀች። የማን መስመር እንደሆነ ስነግራት ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«የሻረግ? ወንድሟን በዚያኛው ምርጫ ጊዜ ከአውድማ ላይ ወስደውት እንደነበር አልሰማሽም?»

አልሰማሁም። እዚህ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ማን ይነግረኛል? ልጁ ከወራት በኋላ ተመልሷል፤ ግን ከሰው ጋር ብዙ አያወራም አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

መጣ። ሽማግሌ ጠብቄ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጃኬት የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ። ብርጭቆውን ባነሳው እንዳይደፋብኝ ፈርቼ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

«ዓይን አስጨፍነሽ ነው አሉ የምታስተምሪው። ምንድን ነው? ሃይማኖት ነው ፖለቲካ?»

«ማዳመጥ ነው።»

«ማንን?»

ነፋስን ልበለው? ወፍን? «የአካባቢውን ድምፅ» አልኩት። ጻፈው። ሲጻፍ እንዴት ያስጠላል!

ከዚያ ወደ መስመሯ መጣ። ማን እንደጻፋት ጠየቀኝ። መልሼ ክፍሉ በሙሉ አልኩት። ፈገግ አለ። «ስልሳ ልጅ አንድ መስመር አይጽፍም። ልጁን የሚነካው የለም፤ ምክር ብቻ ነው።»

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ምክር ብቻ ነው ሲለኝ ላምነው ፈለግሁ፤ አምኜው ተነስቼ ልሄድ፣ ቤቴ ገብቼ ልተኛ። አፌን ከፍቼ «የ…» ብዬ ጀመርኩና ሳል አደረግሁት። እውነተኛ ሳል ሆኖ አላቆም አለኝ። እስኪያልፍልኝ ጠበቀኝ።

«የሁሉም ነው፤ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲህ ያንቺ ነው ማለት ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው።»

የሚቀጥለው ረቡዕ ግምገማ ላይ እቀርባለሁ። እስከዚያ ተማሪ ይዤ ከግቢ እንዳልወጣ ተነግሮኛል። 

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

የሻረግ ከክፍል በኋላ ቀረች። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች «ቲቸር፣ እኔ ነኝ ብዬ ልናገር?» አለችኝ።

«ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ጮኼባት አላውቅም። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። በሩን አየሁ፤ ማንም የለም።

ቀስ ብዬ «ለማንም እንዳትናገሪ፤ አልቋል» አልኳት። ምኑ ነው ያለቀው?

«አባቴ ከሰማ ከትምህርት ያስቀረኛል» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

የገጠር ልጆች ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታቸው ሄዱ። የሻረግም ሄደች። በመስኮት አየኋት፤ ባዶ ከረጢቷን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ብቻዋን ትሄዳለች። ሌላ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ነበር የምትሄደው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19

ገበያ። አንዲት ጤፍ ሻጭ ለጓደኛዋ «ያቺ ዓይን የምታስጨፍነዋ» ስትላት ሰማሁ። ጨው ሳልገዛ ተመለስኩ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ደወልኩላት። ድምፄ ልክ አይደለም አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት። ብርዱም አለ፤ ዘንድሮ ውርጩ ገና ከአሁኑ ነው የጀመረው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ አመዳይ ለብሶ ነው የሚገኘው።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ስንቅ ሊያመጡ የሄዱት ሁሉ ከቀትር በኋላ ተመለሱ። የሻረግ የተከራየችበት ቤት በር ግን እንደተቆለፈ ነው። ሁለቴ ሄጄ አየሁ። አከራይዋ «ምነው አስተማሪ፣ ልጅቷ ምን አጠፋች?» አሉኝ።

ምንም አላጠፋችም አልኩ። ምንም። ታዲያ ለምን ይሄን ሁሉ እፈራለሁ?

ሰብለ ሽሮ ሠርታ አስቀምጣልኛለች። አልበላሁም። ስሟን ባልሰጥም ልጅቷን ከትምህርት አስወጣኋት ማለት ነው እያልኩ አስባለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 21

የየሻረግን አባት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በርኖስ ለብሰዋል፣ የስንቁ ከረጢት ትከሻቸው ላይ ነው። የሻረግ ከኋላቸው መሬት መሬት ታያለች።  ዕቃዋን ሊወስዱ ነው አልኩ በልቤ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ፊትሽን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት። ዛሬ ጽዮን ናት፤ አጨዳ የለም።»

አዩኝ። ወዴት እንደማይ አላውቅም ነበር።

«የጻፈችውን ባማርኛ ንገሪኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብላኛለች፤ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም ብላለች።»

ዘበኛው ራቅ ብሎ እሳት ይሞቃል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ አወጡ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ወንዱን ልጄን አንዴ ወስደውብኛል» አሉ። «ስሙን ማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የጎረቤቶቼን ፊት አያለሁ፤ ይሄ ይሆን፣ ያ ይሆን እያልኩ። ጸሎቴ ሁሉ ተበላሸ።» ወደ ልጃቸው ጠቆሙና «የዚችን ስም ሰጠሽ?» አሉኝ።

«አልሰጠሁም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ እንዴት እንደቻልኩ እንጃ።

«እንግዲያው ትማር።»

ከረጢቱን ለልጃቸው ሰጥተው ሄዱ። እኔን አልተሰናበቱኝም። 

ረቡዕ ግምገማው አለ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ወደ ቆላ ትምህርት ቤት ይቀይሩኝ ይሆናል፤ ያባርሩኝም ይሆናል። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ የውጭው በር ሲንቋቋ ብዕሬን አስቀምጫለሁ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ግን የሻረግ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አመዳይ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

 ሁሉም እኔን ያያሉ። ምን ልትጽፍ ነው? የማን ደጅ ላይ ያረፈ አመዳይ ነው? ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። ጠመኔ አነሳሁና ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት።