ለእማዬ የሚሆን ድንኳን

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ጎንበስ ብላ መግባት አትችልም። ይህን ያወቅኩት ዛሬ ወሎ ሰፈር ካለው ሱቅ፣ ሻጩ ዘርግቶ ባሳየኝ ድንኳን ውስጥ በጉልበቴ እየዳህኩ ስገባ ነው። «ስድስት ሰው ያስተኛል» አለኝ። ያስተኛ ይሆናል። እማዬ ግን ግራ እጇን ማንሳት ካቃታት ሦስት ወር ሆኗታል፤ እንዴት ብላ ትዳህ? አመስግኜ ወጣሁ።

በየዓመቱ ለፍልሰታ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ገዳም ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰሌን ላይ ትተኛለች። ዘንድሮ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው» ብሎ ሲሸኘን፣ የለመነችኝ ነገር ቢኖር እዚያ መሄድ ነው። አዳራሹን ግን አልፈለገችም። «ሰው መሀል ገብቼ አልሸትም፣ ልጄ።» የጡቷ ቁስል ነው። በቀን ሁለቴ አጥበዋለሁ፣ ያም ሆኖ ይሸታል። እኔ ለመድኩት። እሷ አልለመደችውም።

የምፈልገው፦ ቆማ የምትገባበት። የእሷ ፍራሽና የእኔ መኝታ የሚዘረጋበት። ሳጥባት የሚጋርድ መጋረጃ። ከሁሉ በላይ ዝናብ የማያሳልፍ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ሰሎሞን መጣ። ታናሽ ወንድሜ። ቁጭ እንኳ ሳይል፣ «እታለም፣ አብደሻል እንዴ? በዚህ ዝናብ? በዚህ ሕመም?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩ። ጋራዥ ውሎ ማታ ብቅ የሚል ሰው አስታማሚ ሊያስተምር አይችልም አልኩት። ማለት አልነበረብኝም።

ፋሻውን መፍታት ስጀምር እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። ቁስሏን አንድ ቀን አይቶት አያውቅም።

እማዬ ክርክራችንን ሰምታለች። «ሰሎሞን ተቆጣ?» አለችኝ።

«አይ።»

«ይቆጣ። ፈርቶ ነው።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ከቢሮ አስፈቅጄ ወጣሁ። ካዛንቺስ አንድ ሱቅ ረጅምና ሰፊ ድንኳን አገኘሁ። ደስ አለኝ። ሻጩ «ውኃ አያስገባም፣ በቃ እርግጠኛ ሁኚ» ሲለኝ የያዝኩትን የውኃ ኮዳ ስፌቱ ላይ አፈሰስኩት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሰውየው ተቀየመኝ።

የቢሮ ባልደረባዬ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሸራ የሚሰፉ ሰው አሉ ብላኝ ነበርና ወደዚያ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ይባላሉ። ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ፣ «ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አሉኝ። ድንኳን ለሚያሠራ ሁሉ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው፣ አልፈርድባቸውም።

«በሕይወት ላለ ሰው ነው» አልኳቸው።

መኪናውን አቆሙ። በርጩማ ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽታውን ሳይቀር። ከዚያ ይጠይቁኝ ጀመር። ፍራሿ ስንት ክንድ ነው? ተደግፋ ነው የምትገባው? ቁመቷስ?

«እኔን ታክላለች» አልኩ። «ማለቴ፣ ታክል ነበር።»

ጣራው ሹል ይሁን፣ ውኃ እንዳይቋጥር አሉ። ግድግዳው መሬት ላይ ተርፎ ወደ ውጭ ይነጠፍ፣ ጎርፍ ከሥር እንዳይገባ። ከኋላም መስኮት አወጡለት። «ሽታው እንዲወጣላት» አሉ፣ ስለ ጭስ እንደሚያወሩ ሁሉ ቀለል አድርገው። ለረቡዕ ቀጠሩኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

መጥፎ ቀን። ያጎረስኳትን ሁሉ መለሰችው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጋሽ ከድር ጋ ደውዬ ድንኳኑ ይቅርብኝ ልላቸው ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ለማን ነው ይህን ሁሉ የምሮጠው? ለእሷ ነው ወይስ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ?

አልደወልኩም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ድንኳኑ ደረሰ። ሰሎሞን ሳልጠራው ፒካፕ ተውሶ መጣ፤ ሄደን ጫንነው። ሸራውን፣ ብረቶቹንና ካስማዎቹን አውርዶ ግቢያችን ውስጥ ተከለው። ባልዲ እየሞላ ጣራው ላይ ደፋ። አንድ ጥግ ላይ አፈሰሰ። ጋሽ ከድር ጋ ስደውል፣ «ስፌቱን አድርቂና ሻማ እሺበት» አሉኝ። አሸሁት። ድጋሚ ደፋበት። አላፈሰሰም!

«ሰፊ ነው» አለ ሰሎሞን ከውስጥ። ስገባ ምሰሶውን ይዞ ያለቅሳል።

«ሳትመለስ ብትቀርስ፣ እታለም?»

«ልትቀር ትችላለች» አልኩት። እስከ ዛሬ ሁለታችንም አፋችንን ሞልተን አላልነውም ነበር። አብረን አለቀስን። እሷ እንዳትሰማ ባልዲውን እያንኳኳን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ደረስን። መንገዱ አንገላታት፣ ግን አላማረረችም። ከፍ ያለ ቦታ መርጠን ተከልን፤ ሰሎሞን ዙሪያውን ቦይ ቆፈረ። አራት ሰዓት ላይ የጀመረው ዝናብ እስከ ዘጠኝ ወረደ። ከእኛ በታች ያሉት ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው ሲሮጡ አየሁ። የእኛ ወለል ደረቅ ነው። በየጊዜው በእጄ እየዳሰስኩ አረጋገጥኩ።

ማስታገሻዋን በጠበል ዋጠችው። ሰሎሞን ዛሬውኑ ይመለሳል ተብሎ ነበር። አልተመለሰም፤ ለምን ስለው ቦዩን ማጥለቁን ቀጠለ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ትኩሳት። ጠዋት ፋሻውን ስፈታ ቁስሉ ደማ፣ መቀሱን ጣልኩት። መጋረጃው ተገለጠና ሰሎሞን ገባ። «እኔ ላድርገው» አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አጠበ፣ አደረቀ፣ ጠቀለለ። ከእኔ ዘገየ፤ እንደ እኔ ግን አላሳመማትም።

«እጅህ አይከብድም» አለችው።

ወጥቶ ከድንኳኑ ጀርባ አስመለሰ። ማታም እሱው አጠባት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ትኩሳቱ በረድ ብሏል። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ነጠላቸው የራሰ እናት በር ላይ ቆመው የእማዬን ስም ጠሩ። እትዬ ብርቄ፣ በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ጎኗ የሚተኙት። ዘንድሮ ሲያጧት ጊዜ ሞታለች ብለው ሁለቱን ቀን ሲያለቅሱ ነው የቆዩት።

እማዬ ፊቷን አዞረች። «አታስገቢያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ።

እትዬ ብርቄ ሰሙ። «እንዴት ያለሽ ነሽ! እኔ ስንት ዓመት ስታንኮራፊ ችዬሽ ነው፣ ዛሬ ሸተትኩ ብለሽ የምታባርሪኝ?» ብለው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጇን ያዙ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አላደረጉም።

እኔና ሰሎሞን ትተናቸው ወጣን። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ አንድ ጃንጥላ ሥር ቆመን ሰማናቸው። መጀመሪያ ልቅሶ ነበር። ቆይቶ የእማዬ ድምፅ፣ ስለ አንዲት አዳራሹን ሁሉ ስለምታዝ መነኩሲት ስታወራ። ከዚያ ሳቅ። ሳቋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ።

ስመለስ ግማሽ ኩባያ በሶ ጠጥታለች። እትዬ ብርቄ ሰሌናቸውን ሊያመጡ ሄደዋል።

እመቤታችን እስከ ፍቺው፣ እስከ አሥራ ስድስት፣ ታደርሰን እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኳትም።