አጎቴ፣ ኅብረታቸውና አስቀድሞ የሚጻፈው መግለጫ

አጎቴ በ1938 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቀማሚው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በአንዲት የድንበር ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ከታናሽ እህታቸው፣ ከእናቴ ጋር ነው። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በዋና ከተማው ጨረሱ። ባለቤታቸው ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ «ሙት ወቃሽ እንዳትሆኚ» ብለውኛል። አልወቅስም፤ የሠሩትን ብቻ እናገራለሁ።

በ1962 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ወገባቸውም ለመጎንበስ የማያስቸግር ስለነበር ቶሎ አደጉ። በዚያ ዘመን አንድ የጎረቤት አገር መሪ በገዛ ወታደሮቹ ተገለበጠ። የእኛውን ጨምሮ የቀሩት ሦስት የአካባቢው መሪዎች እንቅልፍ አጡና በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስበው «አንዳችንን የነካ ሁላችንን ነካ» የሚል ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። የውጭ ጠላት አልነበራቸውም፤ የፈሩት የገዛ ጦር ሰፈራቸውን ነበር። ረቂቁን የጻፉት አጎቴ ናቸው። የጎረቤታሞች ኅብረት የሚባለው እንዲህ ተጀመረ።

በ1968 ዓ.ም. ከአንዲት የባንክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ኅብረቱ ግን ከልጆቻቸው በበለጠ ፍጥነት አደገ። ሦስት የነበሩት አባላት አምስት፣ ቀጥሎም ዘጠኝ ሆኑ። ሕንጻ ተሠራ፣ ምክትሎች ተሾሙ፣ ለምክትሎቹም ምክትሎች። በመግቢያው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በወርቅማ ፊደል ተጻፈ። የጋራ ጦርም ተቋቋመ ተባለ፤ ከዚህ ጦር በዓይን የታየው ግን የማርሽ ባንዱ ብቻ ነው። የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነበር። አጎቴ በ1979 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

የሚኮሩበት አንድ የአሠራር ዘዴ ነበራቸው። የጋራ መግለጫው ከጉባኤው በፊት ተጽፎ፣ ዘጠኙ አገሮች ቃል በቃል ተስማምተውበት ያልቃል። መሪዎቹ የሚመጡት ፎቶ ለመነሳት ነው። ማንም እንዳያኮርፍ ከጸደቀው ላይ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይነካም። እርሳቸው ይህን ብልኅነት ይሉት ነበር፤ እኔ ፈሪነት እለዋለሁ።

በ1985 ዓ.ም. ታጣቂዎች ወደዚያች የትውልድ ከተማቸው ተጠጉ። እናቴ የአባቷን መድኃኒት ቤት ይዛ እዚያው ነበረች። እኔ በአጎቴ ቤት ሆኜ እማር ስለነበር ስትደውል አጠገባቸው ነበርኩ። ድምጿ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ፣ ያን ጦርህን ላከው እንጂ! ካልሆነም ንገረኝና ልውጣ!»

«አይዞሽ እህቴ፣ አጀንዳ ላይ አስገብቼዋለሁ» አሏት።

ጉባኤው ተከፈተ። መግለጫው ግን ቀደም ብሎ የጸደቀ ነበርና «በድንበር አካባቢ የሰፈነው አስተማማኝ ሰላም» ኅብረቱን እንደሚያኮራው ይናገራል። አንድ አስተርጓሚ «ጌታዬ፣ ይህቺን መስመር እንኳ እናውጣት» ብሎ ለመናቸው። አጎቴ ዘጠኝ አገር እንደገና ማስማማት የማይሞከር ነው ብለው በራሳቸው ድምፅ በሬዲዮ አነበቡት።

እናቴ በማግስቱ ለእኔ ደወለች። እየሳቀች ነበር። «ሻንጣዬን ፈታሁት። አጎትሽ ሰላም ነው ብሏል፤ እሱ እኔን አይዋሸኝም» አለችኝ። ታጣቂዎቹ ከተማዋን በዚያው ሳምንት ያዙ። እናቴ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ተገደለች።

ኅብረቱ ከዚያ በኋላ ጥልቅ ሐዘኑን ገለጸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። አስከሬኗ ወደ ዋና ከተማው ሲመጣም ለቀብሯ የማርሽ ባንዱን ላኩልን፤ የለመነችው ጦር በመጨረሻ መጣላት።

አጎቴ አሳደጉኝ፣ አስተማሩኝ። ይህን አልክድም፤ ክፉ ሰውም አልነበሩም፣ ባዶ ሰው ነበሩ እንጂ። ከአባል አገሮች ሁሉ ሜዳሊያ ተሸልመው በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ያቺን መግለጫ አንድም ቀን አንስተዋት አያውቁም። ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ተኝተው ሳስታምማቸው፣ ነርሷ እስክትወጣ ጠብቀው እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበር አይደል? እናትሽ ሬዲዮ አልሰማችም አይደል?»

አዎ ብላቸው ባረፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የያዟት ተስፋ ይህቺ ነበረች።

«ሰምታለች። የቀረችው እርስዎን አምና ነው» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።

በተወለዱ በ78 ዓመታቸው፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ኅብረቱም አለ፤ አሥረኛ አባል ሊቀበል ነው።

ፈጣሪ የአጎቴን ነፍስ ይማር። ለእናቴም እንለምንላት እንዳልል ያጠፋችው ነገር የለም፤ ወንድሟን ከማመኗ በቀር።