የእህትሽ ፊሽካ

ይድረስ ለልጄ። ያለሽበት አገር ክፉ አያሳይሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ አባትሽ እልኸኛ ናት።

የጤና ሠራተኛዋ፣ «ባል ሲማታ ንፉ፤ የሰማ ይደርሳል» ብላ ለሴቱ ሁሉ ፊሽካ አድላ ነበር። እህትሽ ነፋች። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ደጃፏ ሲደርስ ግን «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ ተመለሰ። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ «እማማ፣ አስታርቋቸው» አሉኝ።

አሁን ፊሽካው ባልየው አንገት ላይ ነው። ውሃ ሲጠማው ይነፋል፤ እሷም ትሮጣለች። ሰፈሩም ሰምቶ ይስቃል።

ጸሎቴ አይለይሽ፣ ልጄ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ስትደውዪላት ፊሽካ ከሰማሽ ቶሎ ዝጊላት። ስትዘገይበት አይወድም።

እናትሽ