ኦቲስን ማን ይወስደዋል?

ሰኞ፣ መስከረም 19

እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ሪችፊልድ ካለው ቤቴ ወደ ኩን ራፒድስ ድራይቭ አደረግኩ። ማርጂን አጠብኩ፣ መድኃኒቷን ሰጠኋት፣ እንቁላል ጠበስኩ። ሆም ኬር ስሠራ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው ስንከባከብ፣ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ግን አላጋጠመኝም። አሮጊት ሴትዮ ብቻዋን... ሳሎን ውስጥ ከአሳማ ጋር።

ኦቲስ ይባላል። ጥቁር ነው፣ ከሙክት በግ ይከብዳል። የመጀመሪያ ባለቤቶቹ ትንሽ ሆኖ ይቀራል ተብለው ገዙት። ሲያድግባቸው ጋራዥ ውስጥ ዘግተውበት ሄዱ። ማርጂ ናት ያወጣችው። ዛሬ ፍሪጁን በአፍንጫው ከፍቶ ሰላጣውን በላ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ የሰው ዓይን ነው... ምን እያሰበ ነው? አላምነውም።

ማታ ባሌ ቂርቆስ ምን ይሸትሻል አለኝ። ውሻ አላት ብዬዋለሁ። አሳማ ነው ብዬ ብነግረው እኔ የሠራሁትን ወጥ የሚቀምስ አይመስለኝም። አንዳንዴ ግን ያወቀ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

በሩን ሳልከፍት ጩኸት ሰማሁ... ኦቲስ ነው። ገባሁ። ማርጂ ኩሽናው ወለል ላይ ወድቃለች። እሱ ጎኗ ተጋድሟል፣ አፉ ትከሻዋ ላይ። እየበላት መሰለኝ። አሳማ ሰው ይበላል ሲባል ነው ያደግኩት። በቦርሳዬ ጭንቅላቱን መታሁት። አልተነሳም።

"አትምቺው" አለች ማርጂ በደከመ ድምፅ። "ሲያሞቀኝ ነው ያደረው።"

አምቡላንስ ወሰዳት። ዳሌዋ ተሰብሯል። ኦቲስ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ... ይቅርታ ልበለው? አሳማ ይቅርታ ይባላል?

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳት። የወንድሟ ልጅ ብራድ ነበር። ወደ ቤቷ አትመለስም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ትገባለች፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ኦቲስን በኢንተርኔት ማስታወቂያ አውጥቶ ለፈለገው ሰው በነፃ ይሰጣል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ምን አስቸኮለው? እስከዚያ ለኦቲስ ምግቡን እንድሰጠው ጠየቀኝ። እሺ አልኩ።

እሱ ወጣ ሲል ማርጂ እጄን ያዘች። ማን እንደሚወስደው እይልኝ አለች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። እኔ የሰማሁት ግን አደራ የሚለውን ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 30

ማስታወቂያውን አይቶ አንድ ሰውዬ መጣ። ትልቅ ፒክአፕ፣ ጥሩ ፈገግታ። ልጆቼ እንስሳ ይወዳሉ አለ። ብራድ ደስ አለው። እኔ ግን... የአሳማውን ስም አልጠየቀም። ምን እንደሚበላም አልጠየቀም። ስንት ፓውንድ ይሆናል ነው ያለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኦቲስን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፣ ወደ ታፋው ወረደ።

ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ። አባቴ ለፋሲካ በግ ሲገዛ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

እሑድ ሊወስደው ተስማሙ። ብራድ አላየም? ወይስ አይቶ ነው ዝም ያለው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ለቂርቆስ ነገርኩት። ውሻ ሳይሆን አሳማ መሆኑን፣ ሰውዬውን፣ ሁሉን። ለካ እሱም ሲጠረጥረኝ ከርሟል። የውሻ ፀጉር ልብስሽ ላይ አይቼ አላውቅም አለ። ምን ያስብ እንደነበር አልነገረኝም... እኔም አልጠየቅኩም። ልብስሽን ለይተሽ እጠቢ ብቻ አለ።

ትንሽ ቆይቶ ግን፣ "እኛስ በግ እናርድ የለ? የነሱን አሳማ ቢበሉት አንቺን ምን አገባሽ?"

"አደራ ተቀብያለሁ" አልኩት።

ልጄ ሶሊያና ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "ማም፣ ጀስት አስክ ሂም" አለች። ቀላል ነገር! ብጠይቀው አዎ ላርደው ነው ይለኛል? ግን... አጠያየቅ አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ፣ ነጠላዬን መኪና ውስጥ ትቼ። ሰውዬው ገመድ ይዞ መጣ። ብራድ አጠገቤ ቆሟል። ኦቲስ እግሩን ታሞ መርፌ እየተወጋ ነው አልኩት ሰውዬውን። መድኃኒቱ ገና ከሰውነቱ አልወጣም፣ ልጆችህ እንዲጠነቀቁ ብዬ ነው። ውሸት። ከቅዳሴ ወጥቼ...

ፈገግታው ጠፋ። "ከሥጋው እስኪወጣ ስንት ሳምንት ይፈጃል?" አለ።

እግሩ ተሻለው ወይ አላለም። የብራድ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሰውዬው በኋላ እደውላለሁ ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ብራድ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ለአክስቴ ምን ልላት ነበር አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። እሱን ያለ ሥራው ነው የጠረጠርኩት። ቸኩሎ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

ውሸቱን ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው? ለአሳማ ብዬ መዋሸቴንም ጭምር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ብራድ የተጣሉ አሳማዎችን የሚያስጠጋ ማኅበር አግኝቷል። ዛሬ ከዚያ የደወለችልኝ ልጅ ሲፋን ትባላለች። የኛው አገር ስም! የኦሮሞ ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፣ የእንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ። የኛ ልጅ አሳማ ምን ያደርግላታል? ጠረጠርኩ።

እሷ ብሳ ጠረጠረችኝ። በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንቲ፣ አሳማው ላንቺ ምንሽ ነው? ልትሸጪው ነው?" አለች። አንቲ አክስቴ ማለቷ ነው፤ እርስዎ የሚባል ነገር አታውቅም። ተቆጣሁ... ከዚያ ሳቄ መጣ። እንዲህ የምትጠይቅ ልጅ ናት የምትሆነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሲፋን ሰው አገኘሁ አለች። ባልና ሚስት፣ ከከተማ ወጣ ብለው በስተሰሜን የሚኖሩ፣ ሰፊ ጓሮ ያላቸው። እኔ ሳላይ አይሄድም አልኩ። ቂርቆስ ነዳ።

ሚስትየዋ ስሙን ጠየቀች። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ ጠየቀች። ደህና። ግን ፈገግታ ከዚህ በፊትም አይቻለሁ። ፍሪዘራችሁን ክፈቱልኝ አልኩ። ቂርቆስ አንገቱን ደፋ። ሲፋን አፏን በእጇ ሸፈነች። ሴትየዋ ሳትከፋ ከፈተችው... አተር፣ በቆሎ፣ አይስክሬም።

ጓሮ ሌላ አሳማ አለቻቸው። ጭድ ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች። ጥርሷ አልቋል፣ ዓይኗ ፈዟል። ሴትየዋ ገንፎ በእጇ ነው የምታጎርሳት። ያረጀ አሳማ እንዲህ የሚያኖር፣ ሊበላው ነው ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እሺ አልኩ። መኪና ውስጥ ቂርቆስ፣ "ፖሊስ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር" አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ኦቲስ ሄደ። የማርጂን ብርድ ልብስ አብሬ ላኩለት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ለምን ከበደኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ማርጂን በዊልቸር ይዘናት ኦቲስ አዲሱ ቤት ሄድን፣ ብራድና እኔ። ኦቲስ መጀመሪያ ዊልቸሩን ፈርቶ ሸሸ። ስትጠራው ጆሮው ቆመ። መጥቶ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ጣለው። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "ወፍሯል" አለች ብቻ። ሲመሽ አልሄድም ብላ አስቸገረችን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሲፋን ደወለች። አንዲት የተጣለች አሳማ አለች፣ የሚወስዳትም ሰው አለ፣ ነይና እዪልኝ፣ እንዳንቺ የሚጠይቅ ሰው የለንም አለች። ነቀፋ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ሄድኩ።

ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው አሳማ ምን ይሠራለታል? አጥሩን ነቀነቅኩ። ማደሪያዋን አየሁ። ከዚያ ፊት ለፊት ለምን ፈለግካት አልኩት።

በረዶውን በመስኮት አየ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት የሚቀሰቅሰው እንደሌለ ነገረኝ። "ቁርስ ዘገየ ብሎ የሚቆጣኝ እፈልጋለሁ" አለ።

መኪና ውስጥ ሲፋን፣ "እሺ አንቲ፣ ምን ይመስልሻል?" አለች።

የምጠይቀው ሌላ ነገር ፈለግኩ... አጣሁ።

"ስጪው" አልኳት።

ገርሟት አየችኝ። እኔም ራሴን ጠበቅኩት፣ አሁን ይቆጨኛል፣ አሁን መልሽኝ እላታለሁ እያልኩ። ሪችፊልድ ደረስን። ሐሳቤን አልቀየርኩም።